የታቀፈችው ትራስ

የሺመቤት ከቀዶ ሕክምና በተመለሰች ማግስት መድኃኒቶቿን መስኮቱ ደፍ ላይ በተራቸው ደረደረቻቸው። ነጯ እንክብል በየስድስት ሰዓቱ፣ ቢጫዋ ከምግብ በኋላ ጠዋትና ማታ። ነርሷ ስታሰናብታት «ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቂው፣ አንቺ ቅደሚው» ብላታለች። ከወገቧ ጎብጣ እንድትራመድ፣ ስትተኛ ጉልበቷ ሥር ትራስ እንድታደርግ፣ ሆዷን የጠፈረውን ሰፊ ቀበቶ እንዳትፈታ፣ ከጎኗ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ፈሳሽ ጠዋት ጠዋት እንድትደፋም ነግራታለች። «ስትስይ፣ ስትስቂ፣ ከአልጋ ስትነሺ ደግሞ ትንሽ ትራስ ሆድሽ ላይ ጠበቅ አርገሽ እቀፊ፤ ስፌቱን ትደግፍልሻለች» አለቻት። ስትስቂ ያለችው መቼም ለደንቡ ነው፤ የሺ ከሳቀች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ጉዱ ያ ሆድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዘጠኝ ወር ሙሉ የተሸከመቻት ሴት ልጅ ሞታ ተወለደች። ተቀብለው የወሰዷትና ያስቀበሯት አክስቷ እትዬ ትርንጎ ናቸው። የሺ ከተኛችበት ቀና ብላ «ማንን ትመስላለች?» ብትላቸው «ባታያት ይሻልሻል፣ ልጄ» አሉና በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋት ወጡ። ልጅቷ ሄደች፤ ባልየውም ዓመት ሳይሞላ ጥሏት ሄደ፤ ሆዱ ግን ቀረ። ቆዳው ተላልቶ፣ ጡንቻው ተላቆ፣ ልክ እንደ ሰባት ወር እርጉዝ ከፊቷ ይቀድማት ጀመር። ታክሲ ሰልፍ ላይ «ነፍሰ ጡር ናት፣ አስቀድሟት» ይላሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ይለቁላታል፤ «ስንት ወርሽ ነው?» ይሏታል። የሚያዝንላትን ሰው ማሳፈር አትችልበትምና እሺ ብላ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስክትወርድ ድረስ ታለቅሳለች። ሆዱን ባስቆርጠው ሐዘኑም አብሮ ይቆረጥልኛል ብላ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ትርንጎ ሊያስታምሟት መጥተው ነበር፣ ግን ገበያ ወጥተዋል። የሺ ትራሷን ታቀፈች፣ ብርድ እንዳይመታት ነጠላዋን ከትራሷ በላይ ደርባ ለበሰችና ጎብጣ፣ ግድግዳውን እየያዘች ሄዳ ከፈተች። የናሆም እናት ናት፤ ከስድስት ወር በፊት የተከራየች ጎረቤት፣ ባየቻት ቁጥር «በሰላም ያገላግልሽ» የምትል ደግ ሴት። የሺ አንድም ቀን አላረመቻትም። ሴትየዋ የጎበጠ ወገቧን፣ የገረጣ ፊቷን፣ ነጠላ ውስጥ የታቀፈችውን አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ውይ የኔ እናት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

ይህችን ቃል የሺ ልጅቷን ባረገዘችበት ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትጠብቃት ነበር። ያኔ ከሐኪም ቤት ስትወጣ አንድ ሰው እንኳ አላላትም፤ ማን ይበላት? አሁን በሯ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሙሉ አፍ ተባለላት። አይ፣ ትራስ ናት ልትል አፏን ከፈተች።

«አሜን» አለች።

ወደ አልጋዋ ስትመለስ ነው ክብደቱን የተረዳችው። ትራሷ የጥጥ ናት፣ ብትወረውራት እንኳ ድምፅ የማታሰማ፤ አሁን ግን ክንዷ ላይ ወደ አንድ ወገን አዘንብላ፣ ከላይ በኩል ከበድ፣ ከታች ሰብሰብ ብላለች። ጋደም ብላ ሆዷ ላይ ስታኖራት፣ ከጠዋት ጀምሮ ስፌቱን እንደ ጋለ ሽቦ ሲጎትት የነበረው ሕመም ቀስ እያለ፣ ከዳር ወደ መሐል እየሟሸሸ፣ በመጨረሻ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። የስድስት ሰዓቱ እንክብል ሰዓቱ አለፈ። የአሥራ ሁለቱም አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በጸጥታ ሄዱ። መጋረጃው ተጋርዶ ቤቱ እኩለ ቀን ላይም ደብዘዝ ይላል፤ በአልኮልና በፋሻ ሽታ ላይ ሌላ ሽታ ቀስ እያለ ገባ፣ እንደ ለብ ያለ ወተት፣ እንደ ለጋ ቅቤ ያለ፣ ከሥሩ ደግሞ ከቆፈሩት አፈር የሚወጣው እርጥበት ያለበት። ጆሮዋን ጣል ካደረገች፣ ከነጠላው ሥር የሆነ ነገር ጡት እንደሚጠባ አፍ ምጥ ምጥ ሲል፣ ሲያርፍ፣ እንደገና ምጥ ሲል ይሰማታል። የሺ ነጠላውን አልገለጠችም። ባታያት ይሻልሻል ተብላለችና፣ መዳፏን ብቻ ከላይ አሳርፋ ሙቀቱን ታዳምጥ ነበር።

በስድስተኛው ቀን የናሆም እናት ገንፎ በቅቤ ይዛ መጣችና ከበሩ ሳታልፍ ለእትዬ ትርንጎ ሰጠቻቸው። «ጡት ቶሎ ቶሎ ትስጣት፤ ስታለቅስ በግድግዳው ይሰማኛል፣ አንጀቴን ትበላዋለች» አለች። እትዬ ትርንጎ ሳህኑን ይዘው መሐል ቤት ቆሙ።

«ምን ብላሽ ነው ይቺ ሴትዮ? ምን ብለሽ መለስሽላት?»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አሜን አልኳት።»

አክስቷ ሳህኑን አስቀመጡት። «ላልመጣ ልጅ አሜን ይባላል፣ የሺ?»

«እኔ እኮ እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፣ እትዬ» አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ ቀትር ላይ የሺን ከእንቅልፍ የቀሰቀሳት ሕመሙ ነው። ሆዷ ከዳር እስከ ዳር እንደ አዲስ የተቀደደ መሰላት፤ ክንዷን ብትዘረጋ ትራሷ የለችም። ነጯን እንክብል ዋጠች፣ ቆየት ብላ ቢጫዋን ደገመች፤ ሁለቱም ውኃ ናቸው። ከወደ ጓሮ ልቅሶ ተሰማ፣ ቀጭን፣ የሚቆራረጥ፣ ገና ማልቀስ ያልለመደ ልቅሶ። አልጋውን ተደግፋ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። እትዬ ትርንጎ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ቆመዋል። የትራሷን ልብስ ሊያጥቡ አውልቀውት ይሁን፣ ራቁቷን ይዘዋታል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። አንዱ እጃቸው ከሥሯ ነው። ሌላውን ጣቶቻቸውን ዘርግተው ከላይኛው ጫፏ ሥር አስገብተውታል፣ አንገቱ ያልጠናን ጨቅላ እንደሚደግፍ ሰው።

ይዘዋት ገቡና ሆዷ ላይ አስቀመጡላት። ሕመሙ ወዲያው ለቀቃት፤ ልቅሶውም ቆመ። እትዬ ትርንጎ እጃቸውን በቀሚሳቸው ደጋግመው ጠረጉ።

«ያኔም ክብደቷ ይኸው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሺ፣ ልጄ፣ ልለምንሽ። ያኔ አላስለቀስንሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስፌትሽን ሊያዩልሽ ስትሄጂ እዚያው ተያት። አልቅሽላትና ተያት።» ሲመሽ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ አልቀየመቻቸውም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሐኪሙ ቀበቶውን ፈታ፣ ቱቦውን አወጣ፣ ስፌቱን በጣቱ እየተከተለ አየ። ሆዷ እንደ ልጃገረድ ሆድ ልጥፍ ብሏል።

«ግሩም ነው። ማስታገሻውን ጨረስሽው?»

«ከሦስተኛው ቀን ወዲህ የዋጥኩት አንዴ ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ሕመሙንስ እንዴት ቻልሽው?»

የሺ ነጠላ የለበሰችውን ትራስ አሳየችው። ፈገግ አለና «ከዛሬ ወዲያ አታስፈልግሽም» ብሏት ወጣ።

ብቻዋን ስትቀር ትራሷን የምርመራው አልጋ ላይ አስተኛቻት። ነጠላውን አነሳች፤ ተራ ትራስ ናት፣ ጥግ ላይ የሻይ ነጠብጣብ ያለባት። ያኔ ልቅሶዋ መጣ፣ ሁለት ዓመት የቆየው፣ ከቁስሏ ሥር የሚወጣ ልቅሶ። እትዬ ትርንጎ እንዳሏት አለቀሰች፤ ስም አውጥታላት ስሟን ጠራቻት፤ «ደህና ሁኚ» አለቻት። ነጠላዋን ባዶ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩን ዘግታ ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ ሕመሙን ጠበቀችው። እስከ ግቢው በር ድረስ አልመጣም። መንገድ ስትሻገርም አልመጣም። ድኜ ነው አለች፣ ልቧ ግን አላመናትም። ቅጥቅጥ አውቶቡስ መጣ፤ ሞልቷል፤ ወጥታ አንዱን ብረት ልትይዝ እጇን ብታነሳ፣ ክንዷ አልነሳ አላት።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠች፣ ቦርሳ ያነገበች ወጣት ብድግ አለች። ወጣቷ የሺን ከታች እስከ ላይ አየቻት፤ ልጥፍ ያለውን ሆዷንም አየች።

«እህቴ፣ ልጅ ታቅፈሽማ አትቆሚም። ነዪ፣ ተቀመጪ።»

የሺ እንደ ወትሮው እሺ ብላ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ያ ክብደት ረጋ ብሎ አረፈ፣ ለብ ያለው ሽታም ከነጠላዋ ሥር ወጣ። ወደ መስኮቱ አልዞረችም፤ አላለቀሰችም። ወጣቷ ፈገግ እንዳለች ጎንበስ ብላ የነጠላውን ጫፍ በጣቷ ገለጥ አደረገች።

«ማንን ትመስላለች?» አለቻት የሺ፣ ዓይኗን ከወጣቷ ፊት ሳትነቅል።

ወጣቷ ፈገግታዋ ጠፍቶ ጨርቁን ለቀቀችና፣ ወደ ሾፌሩ ዞራ፣ አውቶቡሱ ገና ከፌርማታው መነሳቱ ሲሆን፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ «ወራጅ አለ» አለች።