እናቱን ያከሳቸው ነገር

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ግራ ገብቷታል። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር በየወሩ እናቱን ወደ ጤና ጣቢያው ያመጣል፤ እናቱ በየወሩ ይከሳሉ። መዘነቻቸው፤ የክንዳቸውን ዙሪያ በሜትር ለካች፤ የዓይናቸውን ቆብ ገልጣ የደም ማነስ ፈለገች። የላቦራቶሪው ውጤት ምንም በሽታ የለም ይላል። ትናንት ምን እንደበሉ ስትጠይቅ ደግሞ የሚመልስላት ልጁ ነው፤ እንቁላሉንም ወተቱንም ምሳውንም ማለዳ ራሱ አዘጋጅቶ እንደሚወጣ ይነግራታል። እናትየው አንገታቸውን ይደፋሉ።

ሲናገር ዓይን ዓይኗን ያያታል። ያኔ የምትጠይቀው ይጠፋባታል። ምናልባት ያናደዳት ይኸው ይሆናል፤ አንድ ቀን፣

«ሰው እየበላ እንዲህ አይከሳም። እየዋሸኸኝ ነው» አለችው።

እሱም የእናቱን ክንድ ደግፎ ወጣ።

በቀጠሯቸው ቀን ቀሩ። እሷ እውነቱን የተናገረች መስሏት ነበር፤ ታዲያ ደጋግማ ወደ በሩ የምታየው ለምን እንደሆነ አልገባትም። በምሳ ሰዓት ቤታቸውን አጠያይቃ ሄደች። ልጁ ሥራ ላይ ነበር። እናትየው ምሳቸውን ለጎረቤት ውሻ ሲሰጡ ደረሰችባቸው።

«ልጄ አልዋሸሽም» አሉ አፍረው። «አባቱ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ስቀመጥ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። አደራ እንዳትነግሪው፤ ሥራውን ትቶ ቤት ይውላል።»

ሰሃን አነሳችና የተረፈውን ምሳ አብራቸው ልትበላ ተቀመጠች። በማግስቱም በምሳ ሰዓት መጣች፤ ከዚያም ወዲያ ልጁ ሳያውቅ ተመላለሰች። አንዳንዴ ሚዛኗን ይዛ ትመዝናቸዋለች። የእናትየው ጉንጭ ሞላ። አሁን ግራ የሚያጋባት የራሷ ነገር ሆነ፤ የምትመጣው ለእሳቸው ነው ወይስ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሾፌሩን ጃኬት ለማየት? መለየት አቃታት።

አንድ ቀን አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ሾፌሩ ሳይታሰብ ገባ። ሁለቱንም ገበታ ላይ አገኛቸው። ነገሩን የተናዘዙለት እናቱ ራሳቸው ናቸው።

«ዋሸህ ብዬ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለች ባለሙያዋ ቀና ሳትል።

እናቱን አየ፤ እሷን አየ።

«እማዬ ድናለች። ከእንግዲህ ትቀሪያለሽ ማለት ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች፤ እውነቷን ነበር።

«እኔም ምን እንደምል አላውቅም። ግን ባትቀሪ ደስ ይለኛል።»

እናትየው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሦስተኛ ሰሃን አቀረቡ።

በማግስቱ መጣች፤ ሚዛን አልያዘችም።