አዲሶቹ ጆንያዎች

የሰሊጥ ነጋዴው ወልደ ማርያም የተገኘው ከመተማ ድንበር ማዶ፣ ዶካ በሚገኘው የገዛ መጋዘኑ ውስጥ፣ በሰሊጥ ጆንያዎች ሥር ነበር። ከእኩለ ቀን በኋላ የገቡት ሸካሚዎች መጀመሪያ ያዩት የጫማውን ሶል ነው። የላይኞቹን ጆንያዎች ማንሳት ስላቃታቸው በቢላ ቀደው ሰሊጡን አፈሰሱና ሬሳውን ጎትተው አወጡት።

የከተማው ፖሊስ ሹም የሆነው መቶ አለቃ፣ ሙላዚም ዩኑስ፣ ዙሌካን አስጠራት። ዙሌካ መተማ ላይ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ጦርነት ድንበር ካሻገራት ወዲህ ለዶካ ፖሊስ ታስተረጉማለች።

«ሲት ዙሌካ፣ ገዳዩ ተይዟል» አላት። «የሸካሚዎቹ አለቃ ነው፤ እንዳለው የሚባለው። ቃሉን ወደ ዐረብኛ መልሽልኝ፤ ሲመሽ የጦሩ መኪና ወደ ገዳሪፍ ይወስደዋል።»

ያ መኪና ከወሰዳቸው መካከል ተመልሶ የመጣ ሰው ዙሌካ አታውቅም።

«እሱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሟቹ ማጅራቱን በሚዛን ድንጋይ ተመትቷል። ከዚያ ክምር የተናደበት እንዲመስል ጆንያ ተጫነበት። እያንዳንዱ አንድ ኩንታል ነው፤ እኔ አንዱንም አልነቀንቅም። ያን ሁሉ ብቻውን የሚያነሳ በዶካ እንዳለው ብቻ ነው። የጆንያ መስፊያ ወስፌውም ከሬሳው አጠገብ ተገኝቷል። ትናንት ጠዋት ደግሞ ደመወዝ ክፈለኝ ብሎ ሲጮህበት ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ኸላስ፣ አለቀ።»

ዙሌካ ወደ መጋዘኑ ገባች። ሰሊጡ ወለሉ ላይ እንደ አሸዋ ተቆልሏል። መንግሥት ጥሬ ሰሊጥ በየብስ ድንበር እንዳይወጣ ከከለከለ ሁለት ምርት አለፈ። እዚሁ ይጨመቅ፣ ዘይቱ በወደብ ይውጣ፣ ዶላሩ ለአገር ይግባ ተባለ፤ መጭመቂያዎቹ ግን መብራት የላቸውም፣ የወደቡም መንገድ በጦርነት ተቆርጧል። ዋጋው ወደቀ፣ ጉልበት ሠራተኛው ሥራ ፈታ፤ ነጋዴው ጆንያውን ሳይቀር ለተፈናቃዮች ሸጠው፤ ተፈናቃዮቹም ሰፍተው ድንኳን አደረጉት።

ሬሳው ከተገኘበት ቦታ ያልተቀደዱ ጆንያዎች ቀርተው ነበር። ማዕዘናቸውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው ተሰፍተዋል። ጆንያዎቹ አዲስ ናቸው፤ ገና የፋብሪካ ሽታ አለባቸው።

እንዳለው በእስር ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል።

«ወስፌህ እንዴት እዚያ ተገኘ?»

«መጋዘን ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ እትዬ። ሥራ ከጠፋ ወዲህ ምን ልሰፋበት ወደ ቤት እወስደዋለሁ?»

«ቁልፉስ?»

«ወልደ ማርያም ዘንድና የንግድ ሽርካው ሶፎኒያስ ዘንድ። እኔ በር ሲከፈትልኝ ነው የምገባው።»

የእንዳለው ሚስት ውዴ በር ላይ ቆማለች። ለባሏ የያዘችው ቂጣ እጇ ላይ ደርቋል።

«እዚያ መጋዘን በአደራ የተቀመጠውን ሰሊጣችንን ዛሬ ጠዋት ሸጥኩት» አለች። «ሶፎኒያስ የሁሉንም ገዛ። እገዳው አይነሳም፣ ብል ከሚበላባችሁ እኔ ልክሰር አለን። መረቅነው እኮ፣ እትዬ። በደህና ዋጋ ቢሸጥ ጠበቃ በገዛሁበት።»

«ጠበቃ በሰሊጥ አይገዛም።»

«በዚያ ዋጋማ የጠበቃ ጫማም አይገዛም» አለች ውዴ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ወልደ ማርያምን ትናንት ከድንበሯ ከተማ ከገላባት ያመጣውን ሾፌር ቱርካን ከመኪናው ሥር ተንጋልሎ አገኘችው።

«ምን ጭኖ መጣ?»

«አንድ እስር አዲስ ጆንያ። በዚህ ዘመን ጆንያ የሚገዛ እብድ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። መንገዱን ሁሉ ሲዘፍን ነበር፤ ድምፁ ደግሞ የግመል ነው።»

«ለምን እንደሚዘፍን አልጠየቅከውም?»

«ጠየቅኩት እንጂ። ሽርካዬ ሳይሰማ ለማንም አልናገርም አለኝ። የነጋዴ ወግ ነው፣ እህቴ፤ ወሬ መጀመሪያ ለሽርካ ነው። ኔትወርክ የለ፣ ስልክ የለ፤ ሲመሽ መጋዘኑ በር ላይ አውርጄው ሄድኩ።»

ሶፎኒያስ ቀጭን፣ ንጹሕ ጀላቢያ የለበሰ ሰው ነው። ከአባቱ የመጋዘኑን ድርሻ ወርሷል፤ እጁ ላይ ጠባሳ የለም።

«ወልደ ማርያምን ከገላባት ሲመለስ አላየሁትም» አላት። «እዚያው ያደረ መስሎኝ ነበር። የሽርካዬን ሞት የሰማሁት ከሸካሚዎቹ ነው።»

ዙሌካ ወደ ሙላዚሙ ተመለሰች። «በሬዲዮዎ ገላባትን ይጠይቁልኝ፤ ስለ ሰሊጥ።»

መልሱ ሲመጣ ዩኑስ ሬዲዮውን ዘግቶ ሁሉንም ወደ መጋዘኑ እንዲጠራ ወታደሩን ላከ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰሊጣቸውን የሸጡት ገበሬዎች በሩን ሞልተዋል። የጦሩ መኪና ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቷል።

«እንዳለውን ፍቱልኝና አንድ ጆንያ ይስፋ» አለች ዙሌካ።

ወታደሩ ሰንሰለቱን ፈታ። እንዳለው እስከ አፉ የሞላውን ጆንያ ሳያስብ ጀመረ፤ በማዕዘኑ እፍኝ ሰሊጥ ሰብስቦ ጠመዘዘ፣ በሲባጎ አሰረ፣ ሰፍቶ ሲጨርስ በሌላውም ማዕዘን እንዲሁ አደረገ። ሁለት ጆሮ ወጣው። ውዴ ሰፋች፤ ሁለት ጆሮ። ድሮ ሸካሚ የነበረው ቱርካም እንደዚያው።

«ጋሽ ሶፎኒያስ፣ እርስዎም።»

«እኔን የጆንያ ሰፊ አደረግሽኝ?» አለና ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ሰፋው። «ይኸው። ምን ይሁን?»

«አሁን ያንሱት።»

ሶፎኒያስ ጎንበስ ብሎ ማዕዘኑን ሊይዝ ሞከረ። ጣቶቹ በተወጠረው ጨርቅ ላይ ተንሸራተቱ።

«ሙላዚም» አለች ዙሌካ፣ «ጉልበተኛ ፈለጉ። ሬሳው ላይ የነበሩትን ጆንያዎች ግን ያነሳቸው ሰው የለም። ጆሮ የሌለው ጆንያ አይያዝም፤ ለዚህ ነው ሸካሚዎቹ በቢላ የቀደዱት። ገዳዩ ባዶ ጆንያ ሬሳው ላይ አጋደመ፣ በሳፋ ሰሊጥ እየጨመረ ሞላው፣ እዚያው ሰፋው። ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው እጁን ሳያዘው ጆሮ ያወጣል። ይሄ ዕድሜውን ሲያሸክም የኖረ ሰው ነው፤ ቁልፍም አለው።»

«ለምን ብዬ? እንደ ወንድሜ ነበር» አለ ሶፎኒያስ።

«አዲስ ጆንያ የሚገዛ ሰው ሰሊጡ ሊጫን መሆኑን ያውቃል። የገላባት በር ከነገ ጀምሮ ለሰሊጥ ይከፈታል፤ ሙላዚም አሁን በሬዲዮ ሰምተዋል። ወልደ ማርያም ትናንት ሰማ፤ በወጉ መሠረት መጀመሪያ ለእርስዎ ነገረ። ነጋ፤ ለሁለት ምርት አንድ ጆንያ ሰሊጥ ያልገዙት ሰው የሁሉንም ገዙ። እገዳው አይነሳም እያሉ።»

ውዴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሶፎኒያስ በተቆለለው ሰሊጥ ላይ ተቀመጠ። «ሁለት ክረምት በዚህ ክልከላ ተቀበርኩ» አለ በቀስታ። «አንድ ማለዳ ብቻ ዝም በል አልኩት። ገበሬው ይስማ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።»

ወታደሮቹ የእንዳለውን ሰንሰለት ሶፎኒያስ እጅ ላይ አድርገው ወሰዱት። እንዳለው የእጁን አንጓ እያሻሸ ወጣ።

«ሸካሚ ልጆቹን ልጥራ፣ እትዬ? ነገ የገላባት በር ከተከፈተ ሌሊቱን መስፋት አለብን። የውዴንም ሰሊጥ ከውስጡ እንለያለን።»

ከኋላው ሙላዚም ዩኑስ የመጋዘኑን በር ዘግቶ በሰም እያሸገ ነበር።

«ሰሊጡ ኤግዚቢት ነው» አለ በዐረብኛ። «ሽያጩንም የሚያፈርሰው ዳኛ ብቻ ነው። ዳኛው ከጦርነቱ ሸሽቷል፤ መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።»

«የገላባት በር የሚከፈተው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው ብለው እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል እኮ» አለች ዙሌካ።

«ወላሂ ገብቶኛል፣ ሲት ዙሌካ። ማስረጃው ሰሊጡ ራሱ መሆኑን ያሳየሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

«ምን አለ?» አለ እንዳለው።

ዙሌካ አንዲት ቃል ሳታስቀር ነገረችው። እንዳለው ሰሙን አየ፣ በሩን ከበው መሬት ላይ የተቀመጡትን ገበሬዎች አየ።

«ታዲያ የፈታችሁኝ ለምን ሥራ ነው?»

ውዴ የደረቀውን ቂጣ ቆርሳ ሰጠችው። እዚያው በሩ ሥር ቆመው በሉ።