በአማርኛ ስላናገረችኝ ከፈትኩላት

ማመን የማይፈልግ እዚሁ ላይ ያቁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል... በእኔው እጅ።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። ሪያድ፣ ዲራ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ውስጥ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በጠራራ ፀሐይ ምን ያስፈራል የምትሉ ካላችሁ... እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ሜላት እባላለሁ። ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ ያለን ሐኪሞችና መሐንዲሶች ተሰባስበን ያቋቋምነው የበጎ አድራጎት ክበብ አለን። የተቸገሩ እህቶችን እንረዳለን... እንላለን። በወር አንድ ዓርብ ደግሞ አዋቂ ጋብዘን እንማራለን። የዚያን ቀን እንግዳችን ዶክተር ሙሀባው የሚባል የፊዚክስ ምሁር ነበር። ስለ ጽንፈ ዓለም ሊያስተምረን።

የበር ተረኛ እኔ ነኝ። ሕጉ ቀላል ነው፤ በዓረብኛ ካናገሩሽ ዝም በይ፣ በአማርኛ ከሆነ ክፈቺ። ያገራችን ሰው ምን ያደርገናል?

ንግግሩ እንደተጀመረ አንዲት ልጅ በአማርኛ አስከፍታኝ ገባችና መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ ሥር፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ቢበዛ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው።

"ዘኪያ እባላለሁ እህቴ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ከነሲም ሰፈር ነው የመጣሁት... ጠፍቼ።"

ከአሠሪዋ የጠፋች ልጅ እኛ ዘንድ ከተያዘች አዳራሹም፣ ክበቡም፣ የእኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኸላስ ነው።

"ማዳምሽ ትመታሻለች?"

"እሷስ ደህና ናት። ያስቸገረችኝ እህቴ ናት። ሰሊማ።"

"እዚያው ቤት ነው የምትሠራው?"

"ነበረች። በረመዳን ሞተች። አጥቤ የከፈንኳት እኔ ነኝ... ግን ከዓረፋ ወዲህ ወጥ ቤት ሆና ትጠራኛለች። 'ሥራ በዛብኝ፣ ነይ አግዢኝ' ትለኛለች።"

ሳቄ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ሳቅኩባት።

"ድካም ነው" አልኳት። "ጥሩ እንቅልፍ ብትተኚ ይለቅሻል።"

"ዛሬን ብቻ ደብቂኝ። በአላህ!"

"ዝም ብለሽ አዳምጪ።"

"እህት ሜላት፣ እስኪ መብራቱን አጥፊልን" አለ ዶክተሩ። መስኮቶቹን ጠዋት በጥቁር ላስቲክ ሸፍነናቸዋል። "አምስት ደቂቃ ምንም ብርሃን እንዳይኖር። ስልክም እንዳትነኩ። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ የሰማዩን ምስል እከፍትላችኋለሁ።"

አጠፋሁት።

የራሴን እጅ ማየት አቃተኝ...

"ባዶ የሚመስላችሁ ቦታ ባዶ አይደለም" ይላል የዶክተሩ ድምፅ በማይክሮፎን። "እናንተ ስላላያችሁት ብቻ ነው።"

ዘኪያ እጄን ያዘች።

በሩ ተንኳኳ። ሦስቴ... ቀስ ብሎ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እህቴ።" የሴት ድምፅ ነው። ጥርት ያለ የወሎ አነጋገር። "እህቴን ልወስዳት መጥቼ ነው።"

የዘኪያ ጥፍር እጄ ውስጥ ገባ።

"እሷ ናት... አትክፈቺ።"

"ሌላ እህት አለሽ?"

"የለኝም። እሷው ብቻ ነበረችኝ።"

ዕድሜ ልኬን ራሴን የምረግመው እዚህ ጋ ነው። አልፈራሁም። እፎይ ነው ያልኩት! ወሳጅ ተገኘላት። ያውም ያገር ልጅ። ከእኔ ራስ ወረደች አልኩ።

ቁልፉን አዞርኩት።

ኮሪደሩም ጨለማ ነው። ያ ኮሪደር ግን ትልቅ መስኮት አለው... በአሥር ሰዓት ተኩል እንዴት ይጨልማል? አስተውያለሁ። አስተውዬም በሩን አልዘጋሁትም።

መጀመሪያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሸተተኝ። ቀጥሎ ካፉር... ሬሳ ሲታጠብ የሚጨምሩት።

"ያላ ዘኪያ" አለ የሴቲቱ ድምፅ። "ሥራው ተከምሯል።"

ጎትቼ ሳስነሳት ዘኪያ የበሩ መቃን ላይ ሙጭጭ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ። "እህቴ... እህቴ..." እያለች የምትለምነው እኔን ነበር።

ገፋኋት። በሩን ቆለፍኩት።

መብራቱ ሲበራ ሰው ሁሉ ለዶክተሩ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ስንወጣ የሕንፃውን ዘበኛ ጠየቅኩት። ንግግሩ ከተጀመረ ወዲህ አንዲት ልጅ ብቻ ገባች አለኝ። የወጣ ሰው አላየም።

በሳምንቱ በክበቡ ስልክ አንዲት ሴት በዓረብኛ ደወለች። የዘኪያ ማዳም ናት፤ ቁጥራችንን ከልጅቷ ዕቃ ውስጥ አግኝታ ነው። ታለቅሳለች።

"ልጅቷን ውሰዱልኝ። ዓርብ ማታ ወጥ ቤት ቆማ አገኘናት፣ በየት እንደገባች አላየንም። ከዚያ ጀምሮ ሳህን ታጥባለች። አትበላም፣ አትተኛም። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ባሌ ቢጎትታት ንቅንቅ አትልም።"

አላመንኳትም። ቪዲዮ ላከችልኝ።

ዘኪያ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ብቻዋን ናት። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሳህን ማጠቧ ግን አይቆምም።

ማዳሟ ስልኩን በዘኪያ ትከሻ በኩል አሳልፋ ወደ አረፋው ዝቅ አደረገችው...

አራት እጆች ናቸው።

ሁለቱ የዘኪያ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ የእጆቿን አንጓ ጭምቅ አድርገው ይዘው ያሳጥቧታል... ከክርናቸው በላይ ምንም የለም።