ስልሳ አንድ

«ሴቪንግ» የሚለው ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። ሉቃስ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በአንድ ዓይኑ የእነ ሀኒፋን ሳሎን በር፣ በሌላው ቀስ እያለ የሚሞላውን አረንጓዴ መስመር ይጠብቃል። መስመሩ ግማሽ ላይ ደረሰ። ወዲያው ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ፍሪጁ ዝም አለ፤ ከታችኛው ፎቅ የሚሰማው ሬዲዮም ቃል አጋምሶ ተቋረጠ።

መብራት ሄደ።

«አይ! አሁን አይሆንም! አሁንማ አይሆንም!» እያለ ጆይስቲኩን ጨመቀው፤ ሲጨመቅ መብራት የሚያመጣ ይመስል። ከደረጃው የሀኒፋ ጫማ ድምፅ ተሰማ። ዝናቡ ሲጀምር እናቷ እትዬ ሀኪማ «ልብሱ! ልብሱ!» ብለው ስለጮኹ፣ ወርዳ ከገመድ ላይ ልብስ ስትሰበስብ ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየችም። ሉቃስ የፈለገውም አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ሀኒፋ እርጥብ ልብስ በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። «መብራት ሄደ እንዴ?»

«ሄደ» አለ ሉቃስ።

ይሄ እውነት ነበር። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ፕሌይስቴሽኑ ከሁለቱም በዕድሜ ይበልጣል። የከባድ መኪና ሾፌር የሆኑት የሀኒፋ አባት ከጅቡቲ ሲመለሱ ያመጡት ነው፤ ዲስክ ማንበብ ስላቆመ የሰጣቸው ሰው ሊጥለው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ቡፌው ላይ ተቀምጦ አቧራ ጠጣ። ሀኒፋ ግን የተበላሸ ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ስልኳ ላይ ቪዲዮ አየች፣ ጠየቀች፣ በመጨረሻም ሉቃስን አስከትላ አቃቂ በሰቃ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑት ጋሽ ጀቤሳ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም የክብሪት ሳጥን የሚያህል ሚሞሪ ካርድ ሸጡላትና አንድ ፕሮግራም ጫኑበት። ካርዱ ሲሰካ ማሽኑ የሞተውን የዲስክ ማንበቢያ ትቶ ጨዋታውን ከፍላሽ ላይ ያነባል።

በወሬ ሲሰማ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ስክሪን ላይ ተገትሮ ቀረ። በሁለተኛው፣ ጎል ገብቶ ኳሱ መሃል ሜዳ ከተመለሰ በኋላ የኮሜንታተሩ ጩኸት መጣ። በሦስተኛው ፍላሽ፣ በአምስተኛው ቀን፣ እግር ኳሱ እንደ ሰው ሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር። ሀኒፋ ግን ከጨዋታው ውስጥ አንድ የውጭ ክለብ መርጣ ስሙን «ብሎክ 42» አለችው። ተጫዋቾቹን በሙሉ አውጥታ በምትካቸው የብሎኩን አሥራ ስድስት ልጆች አስገባች፤ ከነፀጉራቸው፣ ከነታኬታቸው ቀለም። ሁሉንም እዚያው ካርድ ላይ ታስቀምጣለች።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሃያ ስድስት ቁጥር ይጠይቃል፤ ምት፣ ቅብብል፣ ዝላይ፣ ጉልበት። ልጆቹን የሚያጣላው ግን አንዱ ብቻ ነበር፤ ፍጥነት። ሀኒፋ ዝናቡ ሳይጠና፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ ሁሉንም ከመብራት ምሰሶው እስከ ጎሉ ድንጋይ ሦስት ሦስት ጊዜ አስሮጠቻቸው። ሰከንዱን በስልክ ይዛ ደብተሯ ላይ ጻፈች። አቡዘር ዘጠና ሁለት አገኘና ለሳምንት ያህል ደረጃ ሲወጣ እንኳ እየሮጠ ነበር። የገዛ ወንድሟ ፈርሃት ስልሳ ስድስት ደረሰውና ሁለት ቀን አኮረፋት፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ማንም አልተከራከረም፤ ሀኒፋ እንደማታዳላ ገላን ኮንዶሚኒየም ሙሉ ያውቃል።

ሉቃስ ስልሳ አንድ አገኘ። በረኛው እንኳ ስልሳ ሦስት ነበር።

«ስልሳ አንድ!» አለ አቡዘር ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «አቦ፣ ስም ተገኘልህ!» እውነትም ስም ሆኖ ቀረ። በሳምንቱ ታች ያለችው የሱቋ ማርቲ ሳትቀር «ስልሳ አንድ፣ ዳቦ ነው?» ትለው ጀመር። ሉቃስ በዚያ ስም ለጠራው ሁሉ ላለመመለስ ማለ። ጆሮው ግን ሁሌም ይሰማዋል።

አንድ ቀን ሀኒፋን ለመናት። «ሀኒ፣ ትንሽ ብትጨምሪልኝ ምን ትሆኛለሽ? ጀለስሽ አይደለሁ?»

«ሩጥና እጨምርልሃለሁ» አለችው።

ዛሬ ልብስ ልታነሳ ስትወርድ እጁ ራሱ ሄደ። መጀመሪያ ሰባ አደረገው። ከዚያ ሰማኒያ አራት። ሰማኒያ አራት ላይ ሼም ያዘውና ወደ ሰባ ዘጠኝ መለሰው። ሰባ ዘጠኝ ማንም ልብ የሚለው ቁጥር አይደለም ብሎ አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ። የቀረውን መብራት ኃይል ጨረሰው።

መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፕሌይስቴሽኑ ግን ጨዋታውን አላመጣም። «ካርድ የለም» አለ። ሀኒፋ ነቀለችው፣ እፍ አለችበት፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ሰካችው። ካርድ የለም። አጠፋች፣ አበራች፣ ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሞከረች። ካርድ የለም። ሉቃስ አሥራ አራት ጊዜ ቆጠረ።

«ስድስት ሳምንት!» አለች፤ ድምጿ ተሰነጠቀ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ! ቅዳሜ እኮ ብሎክ አሥራ ሰባቶች ሊገጥሙን ሊመጡ ነው። የኮሙናሉን አዳራሽ አስፈቅጃለሁ!» ወደ ሉቃስ ዞረች። «ስትጫወት ነው የጠፋው አይደል? ሌላ ምንም አልነካህም?»

«ምን እነካለሁ? መብራት ነው ባክሽ።»

በዚህ ከተማ ይህን ለማመን ምስክር የሚጠይቅ የለም። የቤት ሥራ ያልሠራ፣ ስልክ ያላነሳ፣ ሸሚዝ ያልተኮሰ ሁሉ በመብራት ያመካኛል፤ ግማሹም እውነቱን ነው። ሀኒፋም አመነችው። 

«መብራትማ ሁሌ ይጠፋል» አለች ካርዱን እያገላበጠች። «ስንቴ እየተጫወትን ጠፍቶ ምንም አልሆነም። ካርዱ ፎርጅድ ነው። ሽማግሌው ሸውደውናል።»

«ተይ፣ ምናልባት...»

«ምንም ምናልባት የለውም! ነገ በጠዋት በሰቃ እንሄዳለን።»

በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የምትናገረውን ስትለማመድ ሄደች። ሉቃስ በመስኮቱ ጭቃውንና የተደረደሩትን ከባድ መኪኖች እያየ፣ አሁን ልንገራት፣ አይ ስንወርድ፣ ይላል። ወረዱ። አልነገራትም።

ጋሽ ጀቤሳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንድ ሬዲዮ ፈተው ነበር። «ያ ሀኒፋ! ደግሞ ምን አበላሸሽ?» አሉ ፈገግ ብለው።

«እኔ አላበላሸሁም። የሸጡልኝ ካርድ ነው የተበላሸው። ፎርጅድ ነው!»

ፈገግታቸው ጠፋ። ካርዱን ተቀብለው ጥግ ላይ ያለው የራሳቸው ማሽን ላይ ሰኩት፤ አንድ ሁለት ነገር ነካኩ። «ካርድ ዝም ብሎ አይሞትም። ይህ እየተጻፈበት ሳለ የተቋረጠ ነው። ምን ሴቭ እያደረጋችሁ ነበር?»

«ምንም! እሱ እየተጫወተ ነበር። አይደል ሉቃስ?»

ሉቃስ የተፈታውን ሬዲዮ አየ። «እ» አለ።

«አዩ! እንደ እርስዎ ያለ ሰው እንዲህ ያደርጋል አላልኩም ነበር። ገላን ላለ ሰው ሁሉ ነው የምናገረው። ማንም እዚህ አይመጣም!»

ጋሽ ጀቤሳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። መሳቢያቸውን ስበው ያልተከፈተ አዲስ ካርድ አወጡ። «እሺ ልጄ፣ ውሰጂ። በዚህ ዕድሜዬ ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም። በነፃ ነው።»

ሀኒፋ እጇን ዘረጋች።

«እኔ ነኝ!» አለ ሉቃስ። ድምፁ ከፈለገው በላይ ጮኾ ወጣ፤ ከውጭ በረንዳ ላይ ተጠልሎ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። «ሴቭ እያደረግኩ ነበር። መብራት የሄደው ያኔ ነው።»

ሀኒፋ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ምኑን ነው ሴቭ የምታደርገው?»

«ፍጥነት።»

«የማን?»

«የእኔ።»

«ስንት አደረግከው?»

«ሰባ ዘጠኝ።»

ጋሽ ጀቤሳ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ሰባ ዘጠኝ? ከሰረቅክ አይቀር ዘጠና ዘጠኝ አትሰርቅም! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!»

ሀኒፋ አልሳቀችም። አዲሱን ካርድ ወደ እሳቸው ገፋችና አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት።» ጋሽ ጀቤሳ አሮጌውን ካርድ አጽድተው ፕሮግራሙን እንደገና ጫኑበት። ካርዱ ዳነ። አሥራ ስድስቱ ልጆች ግን የሉም፤ በቦታቸው የማያውቋቸው ፈረንጆች ተመልሰዋል። ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ሀኒፋ ከፊት፣ ሉቃስ ከኋላ ተቀመጡ። አንዴም አልዞረችም።

ሐሙስ በሩን ሲያንኳኳ ከፈተችለት። ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጠፈችው። «አራት መቶ አሥራ ስድስት ቁጥር። እስከ ቅዳሜ። እኔ አንዱንም አልነካም።»

«ሀኒ፣ እኔ እኮ...»

«ስሜን አትጥራኝ። ጀምር።»

ጆይስቲክ ቁጥር ለመጻፍ አልተሠራም። ከሃምሳ እስከ ሰማኒያ ለመድረስ ቁልፉን ሠላሳ ጊዜ መጫን ነው፤ ጣት ሲዘገይ ሰማኒያ አንድ ይሆንና መመለስ ነው። ሉቃስ የአቡዘርን ምት ጽፎ ሳይጨርስ በስህተት ወጣና ሃያ ስድስቱን እንደ አዲስ ጀመረ። የበረኛውን ፀጉር ረስቶ መላጣ አደረገው። አውራ ጣቱ ተላጠ። ሀኒፋ በዚያ ስታልፍ እንደ ወንበር ቆጠረችው። እትዬ ሀኪማ ብቻ «አንተ ልጅ፣ ዓይንህ ይጠፋል!» እያሉ ሻይና ዳቦ አመጡለት። ዳቦውን በግራ እጁ በላ። ሀኒፋ ስድስት ሳምንት እንዴት አድርጋ ቻለችው?

ዓርብ ከሰዓት አሥራ አምስት ልጅ አልቆ አንድ ቀረ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ።

የሌሎቹ ገጾች ንጹህ ነበሩ፤ ሦስት የሩጫ ሰዓት፣ ከሥሩ አንድ የፍጥነት ቁጥር። የእሱ ገጽ ላይ ግን ሁለት ቁጥር ነበር። በሰማያዊ እስክሪብቶ 57 ተጽፎ በአንድ መስመር ተሰርዟል። አጠገቡ በጥቁር 61።

ሉቃስ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠ። ሰከንዱን ወደ ቁጥር የምትቀይርበት ስሌት እዚያ አለ። የፈርሃትን አሰላ፤ ልክ ስልሳ ስድስት መጣ። የአቡዘርን አሰላ፤ ዘጠና ሁለት። የራሱን አሰላ። ሃምሳ ሰባት መጣ። እንደገና አሰላ። ሃምሳ ሰባት።

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። ሃምሳ ሰባት! ይህን ያህል ቀርፋፋ ነው እንዴ? ከዚያ ቀስ ብሎ ሌላው ገባው። ለገዛ ወንድሟ አንዲት ነጥብ ያልጨመረችው ሀኒፋ፣ ገላን ሙሉ የማለላት ሀኒፋ፣ በአራት መቶ አሥራ ስድስት ቁጥር ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አጭበርብራለች። እሱም ለእሱ ነው። ሲለምናትም፣ ሲያኮርፍም፣ በሱቁ ውስጥ ሲያዋርዳትም ትንፍሽ አላለችም። ሉቃስ ፊቱ ጋለ። 

ከጓዳ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ሀኒፋ እዚያ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታለች። ሃምሳ ሰባት ሊጽፍ አስቦ እዚያ ላይ ቆመ። ሃምሳ ሰባት ቢጽፍ ደብተሩን አይቼብሻለሁ ማለቱ ነው፤ የሰጠችውንም ፊቷ ላይ መመለስ ነው። ቁልፉን ተጫነ። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። ስልሳ። ስልሳ አንድ። ጣቱን አነሳ።

ደብተሩን ዘጋና አስቀምጥ የሚለውን ተጫነ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከወደ ቃሊቲ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ሉቃስ በሩን አልጠበቀም። በሁለቱም ዓይኑ አረንጓዴውን መስመር ብቻ እያየ ተቀመጠ።

ከታች፣ ከጭቃው ሜዳ ዳር፣ የአቡዘር ድምፅ ወጣ።

«ስልሳ አንድ! አንተ ስልሳ አንድ! አለቀ ወይ?»

መስመሩ ግማሹን አለፈ።

«አቤት!» አለ ሉቃስ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። «ሊያልቅ ነው!»

ጓዳ ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆመ።