ከጀልባዋ ፊት የሚራመደው

ያን ቀን ጠዋት ባሕሩ ከአሰብ ወደብ ሲያስወጣቸው እንደተኛ ሰው በዝግታ ይተነፍስ ነበር፤ ነፋሱ ልከኛ ነው፣ ሸራውም በትሁኔ እጅ የተሰፋ ስለሆነ አንድ ቀዳዳ አልነበረበትም። ትሁኔ የምትኖረው ወደብ ዳር ተቀምጣ የጀልባ ሸራ እየሰፋች ነው። መሪውን የያዘው ሻምበል ባሻ ልሳኑ ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወንድሟ ይመኑ እሱ ዘንድ ሲሠራ ነው ባሕር የበላው። «የሞተበትን ቦታ አይቼ ልጸልይለት» ብላ ስትለምነው እምቢ ማለት አልቻለም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እሷ ግን ሳሏን መዋጥ ከተማረች ቆይታለች።

የዚያ ዳርቻ ክፋቱ ጥልቀት የሌለው ውሃው ነው። ባሕሩ ሲጎድል አሸዋው ብቅ ይላል፣ ሲሞላ ይደበቃል። ስለዚህ አንድ መርከበኛ ወርዶ፣ የጀልባዋን ገመድ ጫፍ ይዞ ከፊቷ እየተራመደ፣ ውሃው ከገላው የት እንደደረሰ ይጣራል። «ጉልበት»፣ «ወገብ»፣ «ደረት» ይላል፤ መሪ የያዘው «ሰማሁ» ብሎ ይመልሳል። «አንገት» ካለ ጀልባዋን የሚያሳልፍ መንገድ ተገኘ ማለት ነው፤ ሆኖም ሰውየው በገመዱ ተስቦ እስኪገባ ድረስ ሸራ አይሰቀልም። ልሳኑ ግን ነፋሱ እንዳያመልጠው ብሎ ይመኑ ሳይገባ ሰቀለ፤ ገመዱ ከይመኑ እጅ አመለጠና ባሕሩ ላይ ቀረ። ለሰው ሁሉ «እግሩ ደንዝዞ ሰመጠ» አለ። እውነቱን ለትሁኔ የነገራት አብሯቸው የነበረው መርከበኛ ነው፣ ያውም ሊሞት ሲያጣጥር።

የወደቡ የናፍጣና የደረቀ ዓሣ ሽታ ከኋላ ቀርቶ፣ ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲልስ ብቻ በሚሰማበት ሰዓት ልሳኑ ድንገት «ሰማሁ» አለ።

«ምን አሉኝ፣ ሻምበል ባሻ?»

«እ? ምንም።»

ጥቂት ቆይቶ ደገመው፣ አሁን በለሆሳስ፣ ዓይኑ ከጀልባዋ ፊት ባለው ባዶ ውሃ ላይ ተተክሎ። ሁለቱም የተቀመጡት ከኋላ ሆኖ ሳለ ጀልባዋ ከፊት አንድ ሰው እንደተንጠለጠለባት ዘመም ብላለች። ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ የዋለው ገመድ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እርጥብ ልብስ ተቆልፎበት የከረመ ሳጥን ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት ሽታም ይሸታል። ትሁኔ አየች፣ አሸተተችም፤ ፍርሃት ሳይሆን ደስታ ተሰማት። ወንድሟ አልረሳም ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ ባሕሩ ጎድሎ ጀልባዋ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሸራውን አውርደው ውሃው እስኪመለስ ጠበቁ። መሙላት ሲጀምር ልሳኑ ሱሪውን ጠቀለለ።

«እዚህ ቦታ ከእኔ ጋር የሚመጣ መርከበኛ የለም» አለ። «መሪውን ያዢልኝ። ሸራውን እንዳትነኪ።»

«እሺ፣ ሻምበል ባሻ።»

የገመዱን ጫፍ ይዞ ወርዶ ከጀልባዋ ፊት መራመድ ጀመረ። «ጉልበት» አለ። ከእሱ ወዲያ፣ ገደል በሌለበት፣ ድምፅ የሚመልስ ነገር በሌለበት ሜዳ ባሕር ላይ፣ ሌላ ሰው «ጉልበት» አለ። «ወገብ» ከማለቱ በፊት ያኛው ቀድሞ «ወገብ» አለ። ልሳኑ ግን ወደ ድምፁ መራመዱን አላቆመም። «ደረት» ሲል ገመዱን ከጀልባዋ ፈትታ ለቀቀችው፤ «አንገት» ሲል ሸራውን ሰቀለችው።

ነፋሱ ወዲያው ያዘላት። በአጠገቡ ስታልፍ ባዶውን ገመድ እንደያዘ አገጩን ከውሃው በላይ ቀና አድርጎ አያት። መሬት ለዋናተኛ እንኳ ሩቅ ነበር።

«አውርጂው፣ ትሁኔ» አላት። «ለእኔ ብዬ አይደለም። ለራስሽ ነው።»

«ይመኑም እንዲህ ለምኖህ ነበር?» አለችው፣ አንቱታውን ትታ። ወደ ኋላ አልዞረችም። ሲጠራት ሰማች፤ ከዚያ ሲያስለው ሰማች፤ ከዚያ የሚሰማ አልነበረም። ስንት ዘመን ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሣላትና አልቅሳ ሳቀች።

ሸራው እንደተወጠረ ነው፤ ጀልባዋ ግን ቀስ እያለች ሄዳ ቆመች። አሸዋ አልነካትም፤ ከታች ያለው ውሃ ጥቁርና ጥልቅ ነው። ያ የሳጥን ሽታ መጣ፤ ከጎኗ፣ ከጀልባዋ ጠርዝ ሥር፣ በልጅነቷ አዝሎ ያሳደጋት የይመኑ ድምፅ ተሰማ።

«ሸራውን ማነው የሰቀለው?»

ድምፁ የእሱ ነው፤ ስሟን ግን አልጠራም። ሊያመሰግናት መስሏት ሆዷ ባባ።

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ወንድምዓለም፣ ላንተ ብዬ» አለች በኩራት። ልታወጣው ተንበርክካ እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች፤ ይመኑም እጇን ያዘ፣ ለመውጣት ግን አልነበረም።