ለባንተአምላክ የተተወ ቦታ

ሊነጋጋ ሲል ከባሕር ዳር ወጡ። ፊት ጋሽ ውበቱ፣ ኋላ ጌታሰው፣ በመሐል ሌሎቹ፤ እንደ ሁልጊዜው። ተራ ሳይክል ላይ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አስረው እስከ ጎንደር የሚጓዙት እነዚህ ሰዎች በሰልፋቸው ቀልድ አያውቁም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ አለው። የጌታሰው ቦታ ጭራው ነው። የሁሉንም ሞተር ጭስ ሲውጥ፣ ከሰው ሻንጣ የወደቀውን ሲለቅም ይቆይና ሻይ ቤት ሲደርስ የሌሎቹ ብርጭቆ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስሙን የሚጠራው እንኳ የለም። ጋሽ ውበቱ በየመሐሉ «ኋላ አለህ?» ብለው ሲጣሩ «አለሁ!» ብሎ ይመልሳል፤ ሰልፉ እንዳልተቆረጠ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ከጋሽ ውበቱ ጀርባ ግን አንድ ሳይክል የሚያህል ክፍት ቦታ ነበር። የባንተአምላክ ቦታ ነው። ባንተአምላክ አምና ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ከሞተ ወዲህ ማንም እዚያ ገብቶ አያውቅም። ጌታሰው ከቀብሩ በኋላ ቦታውን ጠይቆ ነበር። «ባዶውን ይሁን። እንደ ባንቴ ያለ ሰው አይተካም» አሉት ጋሽ ውበቱ፣ ያውም ሰው ፊት። ሻይ ቤት ሲገቡ ደግሞ አንድ ወንበር ይሳባል፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይቀዳል፣ ማንም ሳይነካው ይቀዘቅዛል፤ እነሱም ዙሪያውን ተቀምጠው የባንቴን ደግነትና የባንቴን ጨዋታ እያነሱ ይውላሉ። ጌታሰው ያን ብርጭቆ ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርራል። በሕይወት ያለ ሰው ይብለጠው፣ እሺ፤ የሞተ ሰው እንዴት ይበልጠዋል?

ዛሬ ደግሞ ባሰበት። ትርንጎ የምትባል መምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ፣ መንገዱን ስለማታውቅ ተብሎ ከክፍቱ ቦታ ቀጥሎ አስገቧት። ገና በመጀመሪያ ቀኗ ቀደመችው።

ሐሙሲትን አልፈው ፎገራ ሜዳ ሲገቡ ጉም ወረደባቸው። ከሩዝ ማሳው የሚነሳው ጉም መንገዱን ከግራም ከቀኝም ዋጠው፤ የበሰበሰ ጭድና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ከቤንዚኑ ጭስ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፤ የሞተሮቹም ድምፅ ታፍኖ ከየት እንደሚመጣ የማይለይ ጉርምርምታ ሆነ። ጌታሰው ከፊቱ የነበረችው ቀይ መብራት ጠፋችበት። ሐሳቡ የመጣለት ያን ጊዜ ነው። ማን ያየዋል? ለትንሽ ጊዜ ብቻ፣ አምሮቱን ለመወጣት ያህል። ነዳጅ ሰጠና ከሰልፉ ወጥቶ አንድ በአንድ አለፋቸው፤ ትርንጎንም አለፋት፤ ክፍቱ ቦታ ውስጥ ገባ።

ማንም አልጮኸበትም። ደስ አለው። የጋሽ ውበቱን ሰፊ ጀርባ እያየ ደረቱን ነፋ አድርጎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው አንድ ነገር ያስተዋለው፤ የጋሽ ውበቱ ሞተር አፍንጫው ሥር እየጨሰ ምንም አይሸተውም። የራሱም ሞተር ከእግሩ ሥር ይርገበገባል እንጂ ድምፅ የለውም። ቀጥሎ ብርዱ መጣ፣ ከንፋሱ ሳይሆን ከተቀመጠበት ኮርቻ የሚወጣ ብርድ፤ ከብርዱም ጋር አንድ ሽታ፣ ጤና አዳም። ጤና አዳም እጀታው ላይ እያሰረ የሚጓዝ ባንተአምላክ ብቻ ነበር። ሽታው ለአፍታ ፊቱ ላይ ቆመና፣ ይቅርታ ብሎ በጠባብ በር እንደሚያልፍ ሰው ትከሻውን ታክኮ ወደ ኋላ ሄደ። ወዲያው ከወደ ጭራው የሚንጣጣ ሞተር ተሰማ፤ እንደሚፈላ ድስት ክዳን ኳ ኳ የሚል። የባንተአምላክ ሞተር ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

«ኋላ አለህ?» ብለው ጋሽ ውበቱ ተጣሩ።

ጌታሰው ክው አለ። እሱ ኋላ የለም፤ መጋለጡ ነው። አፉን ሳይከፍት ግን ከሰልፉ ጫፍ፣ እሱ ትቶት ከመጣው ቦታ፣ ጥርት ያለ ድምፅ መለሰ።

«አለሁ!»

ጋሽ ውበቱ ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። «ጋሽ ውበቱ!» ብሎ ጌታሰው ጮኸ፤ አልዞሩም። ወደ ትርንጎ ዞሮ እጁን አውለበለበ፤ ዓይኗ ደረቱን አልፎ የጋሽ ውበቱን ጀርባ ያያል። መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ሳይክሉ ታዘዘለት፤ ግን ክፍቱ ቦታ አብሮት የሚዞር ይመስል ራሱን እንደገና እዚያው አገኘው። ደጋግሞ ሞከረ። በኋላ እየፈራ ተወው።

አዲስ ዘመን ሻይ ቤት ሲደርሱ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አንድ ወንበር ተሳበ፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀዳ። ትርንጎ ወንበሩን ያዝ አድርጋ «ይቺን ልውሰዳት?» አለች።

«ተዪያት የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ውበቱ። «የጌታሰው ናት። አምና ነው የተለየን።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«እንደ እሱ ያለ ሰው አይተካም። ስንት ዓመት ጭሳችንን እየዋጠ ከኋላ ሲጠብቀን፣ አንድ ቀን አመስግነነው አናውቅም።» ድምፃቸው ተሰበረ። ሌሎቹም ተቀባበሉ፤ የጌታሰው ትዕግሥት፣ የጌታሰው ታማኝነት። ዕድሜ ልኩን ሊሰማው የተመኘውን ሁሉ አሉት። ጌታሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ አዳመጠ፤ እጁን ወደ ሻዩ ሰደደ፣ እንፋሎቱ ግን አላሞቀውም።

ብርጭቆዎቹ ባዶ ከሆኑ በኋላ የመጨረሻው ሰው አቧራውን እያራገፈ ገባ። «ባንቴ፣ ዛሬም ሻዩ ካለቀ!» ብለው ሳቁበት። እሱም ስቆ ከጌታሰው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ቀጥ ብሎ ያየው እሱ ብቻ ነው። ጌታሰው በቅናት የገባበት ቦታ ሌላ ሰው እስኪቀናበት እንደማይለቀው ያን ጊዜ ገባው። ለራሱ የተቀዳውን ሻይ፣ የተተወለትን ወንበር፣ ለራሱ የሚወርደውን እንባ በእጁ እያመለከተ በባንተአምላክ ዓይን ውስጥ ቅንጣት ቅናት ፈለገ፤ አልነበረም።