የማቅለሚያ ገንዳው ሰዓት

ደጉ የሞተው በኮምቦልቻ፣ በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ገንዳ ውስጥ ነው። ሊያጸዳ ገብቶ አየር አጠረው። ክዳኑ ተከፍቶ አራት ሰዓት ያልተናፈሰ ገንዳ ውስጥ ማንም አይገባም። የዚያን ጠዋት የተናፈሰው አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ግን «ግባ» አለው።

ኢንስፔክተር ሳሊሃ ከደሴ ስትወርድ ሥራ አስኪያጁ ጸጋው በር ላይ ጠበቃት።

«‹ግባ› ወይም ‹አትግባ› የሚለውን የኮምፒውተር ቀመር የሠራችው የደሴ ቢሯችን ሠራተኛ ሙና ናት» አላት። «መጥታለች፤ ይውሰዷት።»

ሙና ዓይኗ አብጧል። «ፈረቃ መሪው ክዳኑ የተከፈተበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እዚህ ፋይል ላይ ይጽፋል» አለች። «ቀመሬ ያንን ወስዶ ስድስት ይጨምርና ከኮምፒውተሩ የፈረንጅ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ወላሂ፣ ስድስቱን አልረሳሁም። የዚያን ጠዋት ያው ፋይል ደሴ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ‹አትግባ› ነበር የሚለው።»

«የእኛው ‹ግባ› አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ፈረቃ መሪው ጁነይድ።

«አንተስ ስንት ጻፍክ?» አለችው ሳሊሃ።

«ሁለት ሰዓት ከፈትኩ፣ ሁለት ጻፍኩ። ሰዓት ካላወቅኩማ ፍየል ልጠብቅ።»

«ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ማን ነካው?»

«አስከሬኑ ሳይነሳ ጋሽ ጸጋው ተቀምጠውበት ነበር።»

ሳሊሃ ወደ ሙና ዞረች። «ማታ ተከፍቶ ያደረ ገንዳስ እንዴት ይቆጠራል?»

«የተከፈተበት ሰዓት ከአሁኑ ከበለጠ፣ ትናንት እንደተከፈተ ይቆጥረዋል።»

ሳሊሃ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ቀመሩ አንድ፣ የተጻፈውም አንድ» አለች። «የሚለየው እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚያነበው የራሱ ሰዓት ነው። የዚያን ጠዋት እዚህ የተቀመጠው ፋይል በፈረንጅ 3፣ በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ እንደተቀመጠ ያሳያል፤ ሌሊት ግን ፋብሪካው ዝግ ነው። በፈረንጅ ጠዋት 9 ማለት የነበረበት ኮምፒውተር 3 ይል ነበር ማለት ነው፤ የአበሻ ሰዓት ተሞልቶበት። ጁነይድ የጻፈው 2፣ ስድስት ሲጨመርበት 8 ነው፤ ኮምፒውተሩ ‹አሁን› የሚለው ደግሞ 3። ቀመሩ ገንዳው ከትናንት ጀምሮ ሲናፈስ ያደረ መሰለው።»

ጁነይድ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሰዓቱ የሚቀየረው እዚሁ ተቀምጦ፣ በይለፍ ቃል ነው። ቃሉ ያለው ሙናና እርስዎ ጋ ነው፣ አቶ ጸጋው። ሙና ደሴ ነበረች።»

ጸጋው ግንባሩን ጠረገ። «ባየሁት ቁጥር ስድስት መቀነስ ሰልችቶኝ ነው፤ በዋዜማው ማታ ቀየርኩት። ሰው ይገድላል ብዬ?»

«አላሰቡም፤ ይህን አምናለሁ። አስከሬኑ ሳይነሳ ሰዓቱን ወደነበረበት ሲመልሱት ግን ገብቶዎት ነበር። ገብቶዎትም ልጅቷን ጠቆሙ።»

ሳሊሃ ጸጋውን አብሯት እንዲወጣ አዘዘችው።

ሙና አልተደሰተችም። «ለቅሶው ቤት ደጅ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ» አለች። «የደጉን ባለቤት የኔነሽን ምን ብዬ አያታለሁ ብዬ። አሁን ብሄድ ይሆናል?»

«ሂጂ።»

«ቀመሩ እኮ የእኔ ነው። ሰው ገንዳውን ሳያይ ‹ግባ› እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ።»



«አዎ» አለች ሳሊሃ። «እሱንም ንገሪያት።»